ሞተሩን ተዉት፤ እግሩን ጥረጉለት

ከገና ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ባቡር ነው። ሌላ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ምጣድ፣ ስለ ፍሪጅ፣ ስለማይነሳ ቴሌቪዥን ነበር። ዘንድሮ ግን ከውጭ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ የባቡር ሞዴል ሸጉጦ የገባ ይመስላል። እኔ አልከፋኝም። ያደግሁት አቃቂ፣ ሀዲድ ዳር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዛሬም የምጠግንበት ክፍል ከዚያው ሠፈር አልራቀም። ጠረጴዛዬ ላይ ከሬዲዮውና ከስታቢላይዘሩ መሀል ሦስት የባቡር ራሶች ተገትረዋል። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። ሦስቱም ይሄዳሉ። በርካሽነታቸው አላፍርም፤ እንዲያውም ውዱን ባቡር ምን አደርገዋለሁ? የሚነካካ ነገር የለውም።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎቹ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ከጀርመን ያገለገለ የባቡር ሞዴል አመጣልኝ። ሳጥኑ ላይ ኤች ኦ ይላል። ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፤ በጣት ስነካው ይነሳል። ሀዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርስማ ሁልጊዜ እዚያው ይሞታል። ሠፈራችን ያለ ጠጋኝ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት አለኝ። ልቀይረው?» — ከጀሞ

እንዳትቀይረው! የተቃጠለ ሞተር ብዙ ጊዜ በጣት ስለነካኸው አይነሳም። ይህ ባቡር ረሃብ ነው የያዘው። ምግቡ ከሀዲዱ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ሞተሩ በወጉ እየደረሰ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግራው ሀዲድ አንዱ ምሰሶ፣ የቀኙ ሌላው ምሰሶ ነው። የባቡሩ የብረት እግሮች ከሁለቱም ወገን ኤሌክትሪክ ለቅመው ለሞተሩ ያቀብላሉ። ውድ ባቡር ላይ ሁሉም እግሮች ይለቅማሉ። ርካሹ ላይ ግን አምራቹ ሽቦ ይቆጥባል። ብዙ ጊዜ የፊቶቹ እግሮች ከአንዱ ሀዲድ ብቻ፣ የኋላዎቹ ከሌላው ሀዲድ ብቻ ይለቅማሉ። ከእነሱም አንድ ሁለቱ እንዳይንሸራተት የላስቲክ ቀለበት ይጠለቅላቸዋል፤ ላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ባቡርህ ስምንት እግር ይኑረው እንጂ የሚመገበው በሁለት ወይም በሦስት ነው። ሀዲዱ የሚከፈልበት ቦታ መሀሉ ላይ ፕላስቲክ አለ። የሚመገብበት እግር እዚያ ላይ ሲያርፍ ጉሮሮው ተዘጋ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ገልብጠህ ሆዱን እየው። ከሥሩ እንደ ማንኪያ እጀታ ያለ ረጅም ብረት መሀል ለመሀል ተዘርግቶ ካገኘህ ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ባቡር ሞዴል አምራች ዓይነት ሥርዓት ነው። እሱ የሚመገበው ከሀዲዱ መሀል ነው፣ የሚሠራውም በኤሲ፣ አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ነው። ከተራው ባለ ሁለት ሀዲድ ጋር አይስማማም፤ ሾርት ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ምንም ሳትነካ ጻፍልኝ። ከሌለው ቀጥል።

መጀመሪያ እግሩን እጠብ። ሶፍት በአልኮል አርሰህ ሀዲዱ ላይ በቁመቱ አንጥፍ። የፊት እግሮቹን ሶፍቱ ላይ፣ የኋላዎቹን ባዶው ሀዲድ ላይ አድርግና ባቡሩን በእጅህ ያዘው። ኃይሉን ትንሽ ክፈት። ካልዞረ ገልብጠህ እግሮቹን አንድ በአንድ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አሸው። ሶፍቱ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። የእኔ የመጀመሪያው ባቡር የምጣድ ጥላሸት የመሰለ ነገር ነበር የተፋው፤ አራት ሶፍት ጨረስኩ። አልኮሉ የፋርማሲው ይሁን። አንድ አንባቢ በአረቄ ሞክሬ ሠራልኝ ብሎ ጽፎልኛል። ሠርቶለት ይሆናል፤ የተረፈውን ግን ለሌላ ጉዳይ ሳያውለው አልቀረም። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ። እግሩን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ እግር ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። ሀዲዱንም በዚያው በአልኮል ጥረገው። ጀሞ ግንባታው መቼም አያልቅም፤ አቧራው በየሳምንቱ ይመለሳል፣ አንተም በየሳምንቱ ትጠርጋለህ።

ምናልባት ጉዳዩ እዚህ ያልቃል። ካላለቀ ወደ እውነተኛው ማሻሻያ እንግባ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ለማይመገቡት እግሮች አፍ እንሠራላቸዋለን።

ቤትህ ወይም ጎረቤት የተበላሸ የፍሪጅ ስታቢላይዘር አይጠፋም። ከግድግዳው መነቀሉን አረጋግጥና ክፈተው። ውስጡ ሪሌዎች አሉ፣ ሲሠራ ቀጭ የሚሉት ትንንሽ ሳጥኖች። ሪሌው ውስጥ ስስ የመዳብ ቅልቅል ምላስ አለች። ስታጎብጣት ተመልሳ ትቃናለች፣ እንደ ተራ የመዳብ ሽቦ ተጣምማ አትቀርም። የምንፈልገው ይህንን ነው። በወረንጦ አውጣት፣ በመቀስ አቅጥናት። ከዚያ በስስ ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ አድርገህ ባቡሩ ሥር በሱፐር ግሉ ለጥፋት። ጫፏ የእግሩን የውስጥ ፊት ይንካ። ይንካ ነው ያልኩህ፤ ከተጫነችው ፍሬን ትሆናለች። ልኩን የማውቀው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ በማይነዳው ጥንድ እግር ላይ በአፌ እፍ ስል እግሩ መዞር አለበት። ካልዞረ ምላሷን አላላታለሁ።

ከምላሷ ጭራ ላይ የጸጉር ያህል የቀጠነ ልስልስ ሽቦ በያጅና ወደ ሞተሩ ወስደህ አገናኝ። የግራ እግር የግራው ካለበት፣ የቀኝ እግር የቀኙ ካለበት። ከመበየድህ በፊት በቴስተር ፈትሽ። ካቀላቀልከው ሾርት ነው። ሽቦውን ትንሽ አርዝምለት፣ ባቡሩ ሲታጠፍ እግሩም ይዞራልና። መበየጃውን ከፕላስቲኩ አርቀህ ያዝ። አንድ ጊዜ ስልክ ለማንሳት ዞር ስል የባቡሩን ጎን በስቼዋለሁ። ቀዳዳውን እስካሁን መስኮት ነው እያልኩ አሳያለሁ።

ስለ ዘይት። የስፌት መኪና ዘይት ብቻ፣ በመርፌ ጫፍ፣ የእግሩ ዘንግ በሚዞርበት ቦታ ላይ። የምግብ ዘይት ሲውል ሲያድር ሙጫ ይሆናል። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ዘይቱን እንደ ወጥ ዘይት አፈሰስኩት። ወደ ሀዲዱ ወርዶ ባቡሩ ሐምሌ ላይ ጭቃ እንደረገጠ ታክሲ ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ያንን ለማጥራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን መሄዱን ሄደ እንበል። ሦስት ፉርጎ ሲቀጥሉበት ግን እግሩ ባዶውን ይዞራል። ይህ የክብደት ጉዳይ ነው፤ ርካሽ ባቡር ውስጡ አየር ነው። ጎሚስታ ቤት ሂድና ከመኪና ጎማ ላይ የሚነቀሉትን ያገለገሉ የማመጣጠኛ እርሳሶች ጠይቅ። የእኔ ጎሚስታ በነፃ ነው የሚሰጠኝ፣ «ደግሞ ለባቡር?» ብሎ እየሳቀ። ባቡሩን የሚገፉት እግሮች አናት ላይ በሁለት ፊት ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፈው። አንድ ጥግ ላይ አትከምር፤ ሌላኛው ወገን ይነሳል። እርሳስ መርዝ ነው። በሞረድ አትፈግፍገው፣ ከነካህ በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ሕፃን ካለ ደግሞ ከነጭራሹ በእርሳስ ፈንታ ቡሎንና ዳዶ ተጠቀም።

መጠኑን የምትለካው በሚዛን አይደለም። ባቡሩ በኃይል እየሄደ ከፊቱ በጣትህ አግደው። እግሩ ባለበት እየተሽከረከረ ከተንሸራተተ ልክ ነው። እግሩም ሞተሩም አብረው ቀጥ ካሉ ጭነቱ በዝቷል። ያኔ ነው ሞተር የሚቃጠለው፣ የሠፈርህ ጠጋኝም ትክክል የሚሆነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰው ሁሉ ባቡሩን ሲያስነዳ ያበረዋል። ኤች ኦ ማለት የእውነተኛው 87ኛ እጅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ ልክ ሲያንስ አንድ ሜትር ለመሄድ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሜትር ለካና በስልክህ ሰዓት ያዝ። የአንተ ባቡር አንድ ሰከንድ ከፈጀበት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እያበረርክ ነው። እግሩ በደንብ የሚመገብ ባቡር ዝግ ማለት ይችላል። የማሻሻያው ሁሉ ፈተናም ይኸው ነው፤ መሮጡ ሳይሆን መዝገሙ።

«እትዬ፣ ለስድስት ዓመት ልጄ ከመርካቶ የገዛሁት ባለ ሁለት ባትሪ ባቡር እንደ እብድ ይሮጣል። ኩርባው ላይ ይገለበጣል። ባትሪ በሁለት ቀን ይጨርሳል። ለበዓል ሳሎን አነጠፍንለት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሚያንቋርር ድምፅ አመጣ።» — የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

ልጄ፣ የመጨረሻውን ላስቀድም። ለበዓል ካልሽ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ነበር። ገልብጪውና የእግሮቹን ዘንግ በወረንጦ ፈልጊ። ቄጠማው እንደ ክር ተጠምጥሞ ጥርሶቹ መሀል ገብቷል። ከእሱ ጋር የምንጣፍ ቃጫና፣ አትቀየሚኝ፣ የራስሽ ጸጉር ይኖራል። የእኔ የእህት ልጅ ባቡር ውስጥ ግማሽ ሹሩባ ነው ያገኘሁት። ያንን ስታወጪ ማንቋረሩም ይቆማል፣ ባትሪውም ዕድሜ ያገኛል። ሁለተኛ መሬት ላይ አታስነዱት። የቁም ሳጥን ጀርባ የነበረ ኮምፔርሳቶ ካለሽ እሱ ላይ ዘርጉት።

ለፍጥነቱ ምንም መበየድ የማያስፈልገው መላ አለኝ። ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት ደብል ኤ ባትሪ ግዢ። ተራው ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፣ ሁለቱ 3 ይሆናሉ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ነው፣ ሁለቱ 2.4። ባቡሩ በራሱ ይረጋጋል፣ አንቺም በየሁለት ቀኑ ሱቅ አትላኪም። አዲስና አሮጌ ባትሪ ግን አታቀላቅይ።

አሁንም ከሮጠ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥበት 1ኤን4007 የሚባል ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ፍሬ ግዢ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣውን ሽቦ ቆርጦ መሀል ላይ የሚበይድልሽ ሰው ፈልጊ፤ ነጯ ቀለበት ያለችበት ወገን ወደ ሞተሩ ትዙር። ዳዮዱ 0.7 ቮልት ገደማ ይውጣል። ሁለት አታስገቢ፣ ከናካቴው አልነሳም ሊል ይችላል።

ለመገልበጡ ደግሞ ሁለት ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም በናስትሮ ጠቅልለሽ ከባቡሩ ወለል ጋር፣ ዝቅ አድርገሽ ለጥፊ። ለጎሚስታው እርሳስ እንዳትሄጂ። የስድስት ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

«ወ/ሮ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከለገሀር ድሬዳዋ በሊቶሪና፣ በዚያ ባለ ሞተር የመንገደኛ ፉርጎ ሄጃለሁ። ለልጅ ልጄ ያንን ባቡር ልሠራለት አምሮኛል። አንድ ርካሽ የኤች ኦ ናፍጣ ባቡር በእጄ አለ። የላዩን ልብስ አውልቄ ሌላ ላለብሰው እችላለሁ?» — ከሰበታ

አባባ፣ ይችላሉ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴም ሊቶሪና ሲል ድምፁ ይለሰልስ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርዎ፣ በኋላ እንዳይቆጭዎ። በ1917 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሀዲድ ጠባብ ነበር፣ በሁለቱ ብረት መሀል ልክ አንድ ሜትር። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእጅዎ ያለው የኤች ኦ ሀዲድ ደግሞ 16.5 ሚሊ ነው። ይህ የ1435 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ልክ ነው፤ ማለትም ከእርስዎ ደጅ ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚወርደው የአዲሱ። ባቡርዎ በልኩ የሰበታ ነው፣ የለገሀር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። ቲቲ የሚባል ሌላ ልክ አለ፣ ሀዲዱ 12 ሚሊ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ያገለገለ የቲቲ ባቡር ያስመጡና ልብሱን አውልቀው በ87ኛ ልክ የሠሩትን ሰፋ ያለ ልብስ ያልብሱት። በየአገሩ የጠባብ ሀዲድ ወዳጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አለዚያ በያዙት ይሥሩና ጎኑን ዝቅ አድርገው እግሩን ይሸፍኑት። የልጅ ልጅዎ አይለየውም። እርስዎ ግን ይለዩታል፤ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እጠብቃለሁ።

ልብሱን ከምን? የሲም ካርድ ተነቅሎ የሚጣለው ትልቁ ፕላስቲክ፣ ቀኑ ያለፈበት የባንክ ካርድ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ነው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በምላጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰንጥቀው ሲያጎብጡት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። የእውነቱን ሜትር ለ87 እያካፈሉ ይቁረጡ፤ 20 ሜትር የነበረ ነገር 23 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። መስኮቱን በሱፐር ግሉ አይለጥፉ። ጭሱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፣ ሞራ የወረደበት ዓይን ይመስላል። ነጭ ኮላ ይሻላል።

የድሮውን ቀለም ለማስለቀቅ ደግሞ አሴቶን እንዳይነኩ። እኔ ከልጄ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሰርቄ ሞከርኩት። ቀለሙም ለቀቀ፣ ባቡሩም አብሮ ቀለጠ። ጣቴ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠፈ። ልጄም አኮረፈች። በላዩ ላይ በስሱ መቀባት ይበቃል፤ መጀመሪያ በውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ ሞክረው ይዩ።

የፊት መብራት ከፈለጉ አምፖል አይግዙ፣ ይሞቅና ፕላስቲኩን ያጎብጣል። አንድ ነጭ ኤልኢዲ ኤሌክትሪኩን ከሚቀንስ የ1000 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ በ12 ቮልት ላይ 9 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወስዳል፣ ለዓይን በቂ ነው። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ኤሌክትሪኩ ስለሚገለበጥ ኤልኢዲው ራሱ ይጠፋል፣ እሱ ደስ ይላል። ግን የተገለበጠ ኃይል ብዙ አይችልም። ትንሽ ዳዮድ ከኤልኢዲው ጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ያገናኙለት። ሲጨርሱ ፎቶውን ይላኩልኝ፣ እለምንዎታለሁ።

«መብራት በጠፋ ቁጥር ባቡሬ ይቆማል። 12 ቮልት ነው፣ የመኪና ባትሪም 12 ቮልት ነው። በእሱ ላስነዳው?» — ከገላን

አይሆንም። ቮልቱ ልክ ነው፣ አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ባቡር ከሀዲድ ሲወጣ ብረቱ ግራና ቀኙን ያገናኛል፣ ያም ሾርት ነው። ትንሽ አዳፕተር እንዲህ ሲሆን ራሱን ያጠፋል ወይም ይሞታል። የመኪና ባትሪ ግን በመቶ የሚቆጠር አምፒር አለው፤ ሽቦህን አቅልጦ ምንጣፍህን ያነዳል። ለዋይፋይ የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ ተጠቀም። ባለ 12 ቮልቱ መውጫ ላይ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሰካና ሀዲዱን ከእሱ አገናኝ። አንድ ባቡር ያስነዳልሃል። ዋይፋዩ ግን ይጠፋል፤ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገር።